60 ሜትር የንፋስ መለኪያ ማማ ለ24 ወር፦ የታውኑ ዞኒንግ ስለ ማማው ምንም አይልም፤ በየትኛው በር እንግባ?

ሽቅብ_ሜዳ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ኒው ዮርክ ስቴት ውስጥ፣ ከሮቸስተር በስተደቡብ ባለ አንድ የገጠር ታውን 60 ሜትር የንፋስ መለኪያ ማማ ለማቆም የፈቃድ ወረቀት እየተዘጋጀ ነው። ማማው ባለ ቱቦ ሆኖ በወጣሪ ገመድ የሚያዝ፣ መሬት ላይ ተገጣጥሞ በዊንች የሚነሣ ነው። የኮንክሪት መሠረት የለውም፤ የብረት ሳህን ላይ ይቆማል። የመብራት መስመር አያስፈልገውም፤ ዳታ ሎገሩ (መረጃ መዝጋቢው) በትንሽ ሶላር ይሠራል። የሚፈለገው ጊዜ 24 ወር ነው።

መሬቱ ከገበሬ የተከራየ የእርሻ መሬት ነው። ስፋቱ 400 ጫማ በ1,200 ጫማ፣ ወደ 11 ኤከር ይጠጋል። አንዱ ጠባብ ጫፉ የካውንቲ መንገድ ይነካል። ግማሹ ማሳ፣ ግማሹ ዛፍ ያለበት ነው። ቦታው በካውንቲው የእርሻ ዲስትሪክት ውስጥ ይገኛል።

የታውኑን ዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም ደንብ) ከዳር እስከ ዳር አንብበነዋል። ቀጠናው የእርሻና የመኖሪያ ነው፤ የከፍታ ጣሪያው 35 ጫማ ነው። «ማማ» የሚል ቃል የሚገኘው በሞባይል አንቴና ምዕራፍ ብቻ ነው። ስለ ንፋስ አንድም መስመር የለም። የኮድ ኦፊሰሩ (የታውኑ ደንብ አስከባሪ) በስልክ «ጊዜያዊ ስለሆነ በጊዜያዊ ስትራክቸር ፈቃድ ያልፋል» ብሏል።

ይህ የሚያዋጣ መንገድ ነው? ኤፍኤኤስ (የፌዴራሉ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት) ማማው ከ200 ጫማ በታች ስለሆነ አያገባውም ማለት ነው? ቦታውስ ይበቃል? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።


ካስማ

የኮድ ኦፊሰሩ ቃል ላይ ምንም ነገር አትገንቡ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጻፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ ነው። ኦፊሰሩ ክፉ አስቦ አይደለም፤ «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል በሁለት ሕግ ሁለት ትርጉም ስላለው ነው።

የሕንፃ ኮዱ ጊዜያዊ ስትራክቸር የሚለው ከ180 ቀን በታች የሚቆመውን ነው፤ የሠርግ ድንኳን፣ የመድረክ ዳስ፣ እንደዚያ ያለውን። የንፋስ መለኪያ ደግሞ ከ12 ወር ባነሰ ዋጋ የለውም፤ አራቱንም ወቅት ካላየ ማንም ባንክ ቁጥሩን አይቀበለውም። ስለዚህ በ180 ቀን ፈቃድ ማማው ይነሣና በ6ኛው ወር ማራዘሚያ ይጠየቃል። በዚያን ጊዜ ጎረቤት ጠበቃ ይዟል፣ ቦርዱም «መጀመሪያ ለምን ወደ እኛ አልመጣችሁም?» ይላል። ሁለተኛው ችግር ደግሞ የሕንፃ ፈቃድ የዞኒንግ ጥሰትን አያነጻም። 35 ጫማ ጣሪያ ባለበት ቀጠና 197 ጫማ ማማ የቆመው በየትኛው የዞኒንግ አንቀጽ ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለም።

መጀመሪያ የሚደረገው እንዲህ ነው። ለኮድ ኦፊሰሩ የአንድ ገጽ ደብዳቤና አንድ ሥዕል ይላካል፤ ማማው ምን እንደሆነ፣ ስንት ወር እንደሚቆም፣ በስንት ቀን እንደሚነቀል ይገለጽለታል። ከዚያ በዞኒንጉ በየትኛው ምድብ እንደሚገባ በጽሑፍ እንዲወስን ይጠየቃል። ውሳኔው በታውኑ ጽሕፈት ቤት ፋይል ከተደረገ ጀምሮ 60 ቀን ይግባኝ መጠየቂያ ጊዜ አለ። ይህ 60 ቀን ለእናንተም ለጎረቤትም ይሠራል፤ ካለፈ በኋላ ምድቡን መንካት አስቸጋሪ ነው። ለዚህም ሲባል ቀኑ ቶሎ መቆጠር ቢጀምር ይሻላል።

ውሳኔው ከሦስት አንዱ ይሆናል። አንደኛው፣ ማማው ለእርሻ ቀጠናው ከተፈቀዱት ነገሮች ጋር ይመሳሰላል፣ ችግሩ ከፍታው ብቻ ነው ይባላል። ያን ጊዜ ወደ ዞኒንግ ቦርድ ኦፍ አፒልስ (የዞኒንግ ይግባኝ ቦርድ) ሄዶ ኤሪያ ቫሪያንስ፣ ማለትም ከከፍታ ወይም ከርቀት ልክ ለመውጣት ፈቃድ፣ መጠየቅ ነው። ቦርዱ አምስት ነገር ይመዝናል፦ የሰፈሩን መልክ ይለውጣል ወይ፣ ሌላ አማራጭ አለ ወይ፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው ወይ፣ አካባቢ ይጎዳል ወይ፣ ችግሩን ራሳችሁ ናችሁ ያመጣችሁት ወይ። ከ35 ወደ 197 ጫማ መሄድ «ትልቅ ነው» መባሉ አይቀርም፤ ግን አንዱ ነጥብ ብቻውን አይጥልም። ክርክሩ ጊዜው አጭር መሆኑና ዱካ አለመተዉ ላይ ይቁም።

ሁለተኛው ስፔሻል ዩዝ ፐርሚት ነው። ደንቡ የሚመጥን ምድብ ካለው ከሁሉም የሚመረጠው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ስፔሻል ዩዝ የሚባለው ነገር በመርህ የተፈቀደ፣ ቅድመ ሁኔታ ብቻ የሚጠበቅበት ነው።

ሦስተኛው «ይህ ነገር በቀጠናው አይፈቀድም፣ ዩዝ ቫሪያንስ አምጡ» ነው። ከዚህ ሽሹ። ዩዝ ቫሪያንስ፣ ማለትም በቀጠናው ያልተፈቀደን አገልግሎት ለማስፈቀድ የሚጠየቀው፣ አራት ነገር በአንድነት ይጠይቃል፤ ከእነዚህ አንዱ መሬቱ በተፈቀዱት አገልግሎቶች ሁሉ ተገቢ ገቢ እንደማያስገኝ በገንዘብ ማስረጃ ማሳየት ነው። በቆሎ እየተዘራበት ያለ ማሳ ይህን ፈተና በምንም አያልፍም። እዚያ ከደረሰ የምደባውን ውሳኔ ራሱን ይግባኝ ማለት፣ ወይም ታውን ቦርዱን የሕግ ማሻሻያ መጠየቅ ይሻላል።


መዝገብ_ቤት

ካስማ ባለው ላይ የማሻሻያውን ነገር ላስፋው፤ ሰዎች የሚፈሩትን ያህል ከባድ አይደለም። በምዕራብ ኒው ዮርክ ያሉ ብዙ ታውኖች የንፋስ ሕግ ሲያወጡ ለመለኪያ ማማ ለብቻው አጭር ክፍል ይሰጣሉ፤ ይዘቱም ከታውን ታውን ይመሳሰላል። ማማው ከድንበር በከፍታው አንድ ተኩል ያህል ይራቅ፣ የማፍረሻ ዕቅድና ዋስትና ይቅረብ፣ ፈቃዱ እስከ 2 ዓመት ይሁን፣ ሕጉን ካከበረ ይታደስ። የእናንተ ታውን የራሱን ቃል ከባዶ ከሚፈልግ የጎረቤት ታውን ሕግ ይዛችሁ ብትቀርቡ የታውኑ ጠበቃ ይቀላታል። ከዚያ በፊት ግን ታውኑ በንፋስ ላይ ሞራቶሪየም (ጊዜያዊ እገዳ) እንዳለበት ጠይቁ። አንዳንድ ሞራቶሪየም «የንፋስ ኃይል ፋሲሊቲ» ሲል ትርጉሙ ውስጥ መለኪያ ማማንም ያስገባል፤ ትርጉሙ ያለበትን ገጽ ሳያነቡ «እኛን አይመለከትም» ማለት ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው።

አሁን ወደ ሥነ ሥርዓቱ። ስፔሻል ዩዝ ከሆነ የስቴቱ የታውን ሕግ አንቀጽ 274-ቢ ይሠራል፤ ማመልከቻው በደረሰ በ62 ቀን ውስጥ የሕዝብ ስሚ (ሰው አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ)፣ ስሚው በተዘጋ በ62 ቀን ውስጥ ውሳኔ። ማስታወቂያው ቢያንስ ከስሚው 5 ቀን በፊት ጋዜጣ ላይ መውጣት አለበት። በወረቀት ላይ 4 ወር የሚመስለው በተግባር ሊረዝም ይችላል፤ ምክንያቱም 62 ቀኑ የሚቆጠረው ማመልከቻው «ሙሉ ነው» ከተባለ በኋላ ነው፤ ሙሉ የሚያሰኘው ደግሞ ከሁሉ በላይ ሴክራ (የስቴቱ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሕግ) ነው።

ሴክራ ላይ አስቂኝ የሚመስል ነገር አለ። የስቴቱ ደንብ 617.4 ከ100 ጫማ በላይ የሆነን ስትራክቸር ታይፕ 1፣ ማለትም ጥብቁ ግምገማ የሚጠብቀው፣ ያደርገዋል፤ ግን ስለ ከፍታ ምንም የዞኒንግ ደንብ በሌለበት አካባቢ ብቻ ነው። እናንተን እያሰረ ያለው የ35 ጫማ ጣሪያ ከዚያ አንቀጽ ያወጣችኋል ማለት ነው። ዞኒንግ የሌለው ታውን ቢሆን ኖሮ «ነጻ አገር» እያሉ ገብተው በቀጥታ ታይፕ 1 ላይ ይወድቁ ነበር፤ ረጅሙን የአካባቢ ቅጽ መሙላትና ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር የተቀናጀ ግምገማ ግዴታ ይሆናል።

እርሻ ዲስትሪክት ውስጥ መሆናችሁ ግን ሌላ ገደብ ያመጣል። እርሻ ላልሆነ አገልግሎት የታይፕ 1 መለኪያዎች ወደ ሩብ ይወርዳሉ። 10 ኤከር መሬት መንካት የነበረው ገደብ 2.5 ኤከር ይሆናል። መልህቆቹ በ50 ሜትር ራዲየስ ከተተከሉ ክቡ 7,850 ሜትር ካሬ፣ ማለትም 1.94 ኤከር ነው። መግቢያ መንገድና የዕቃ ማራገፊያ ሲጨመር 2.5 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ የሚነካውን መሬት በትክክል አስምሩት፤ ክቡን በሙሉ «የሥራ ቦታ» ብላችሁ በቀለም አትሙሉት። መሬቱ የሚነካው ሳህኑ፣ መልህቆቹና ማማው የሚተኛበት መስመር ላይ ነው።

አንዳንድ አማካሪ 617.5 ላይ ያለውን «መረጃ መሰብሰብ ታይፕ 2 (ከግምገማ ነጻ) ነው» የሚለውን ይዞ ሴክራ አያስፈልግም ይላል። ክርክሩ ሞኝነት አይደለም፤ ግን እኔ አልደገፍበትም። አጭሩን ቅጽ መሙላት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ አለመሙላቱ ደግሞ ፈቃዱን በፍርድ ቤት ለማስጣል ለጎረቤት የተሰጠ ስጦታ ነው። ቅጹ ላይ ማማው ለየትኛውም ተርባይን መብት እንደማይሰጥ በግልጽ ጻፉ፤ «ትልቁን ፕሮጀክት ቆርጣችሁ ነው የምታስገመግሙት» የሚለው ተቃውሞ በየስሚው ይነሣልና።

የካውንቲው መንገድ ነገር እንዳይረሳ። ቦታው ከካውንቲ መንገድ 500 ጫማ ውስጥ ስለሆነ በስቴቱ ሕግ አንቀጽ 239-ኤም መሠረት ፋይሉ ወደ ካውንቲ ፕላኒንግ ይላካል፤ እነሱ 30 ቀን አላቸው። ካውንቲው «አይሁን» ቢል ታውኑ ማጽደቅ የሚችለው በአብላጫ ድምፅ ሲደመር አንድ ነው፤ 5 አባል ካለው ቦርድ 4 ድምፅ ማለት ነው። ሳይላክ የተሰጠ ፈቃድ ከሥሩ ውድቅ ይሆናል፤ ከመደበኛ ስህተቶች ሁሉ የሚያሳዝነው ይኸው ነው፣ በአንድ ፖስታ የሚቀር ስለነበር። በዚያው ላይ ከእርሻ ዲስትሪክት የተነሣ የእርሻ መረጃ ቅጽ አለ፤ በ500 ጫማ ውስጥ ያሉ ገበሬዎች ስምና አድራሻ ተሞልቶ ቦርዱ ማስታወቂያ ይልክላቸዋል።


ሽቅብ_ሜዳ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሞራቶሪየም የለም፣ አሁን ተጣርቷል። የምደባ ደብዳቤው ነገ ይሄዳል። የቀረው የቦታው ስፋትና የኤፍኤኤ ጉዳይ ነው። 60 ሜትር 197 ጫማ ስለሆነ 200 አይሞላም ብለን ነበር የተነሣነው።


ዊንች_12ቮልት

60 ሜትር 196 ጫማ ከ10 ኢንች ነው። እስከ 200 ጫማ የሚቀረው 96 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ማማውን ከካታሎግ ሲያዩት 60 ሜትር ይላል፤ ግን ያ የቱቦው ቁመት ነው ወይስ የላይኛው መሣሪያ? ከቱቦው ጫፍ በላይ አንሞሜትር (የንፋስ ፍጥነት መለኪያ) መስቀያ አለ፤ ከእሱም በላይ የመብረቅ ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ከመሣሪያው ካላለፈ ሥራ የለውም። ኤፍኤኤ የሚቆጥረው ከመሬት እስከ መጨረሻው ጫፍ ነው፤ የመብረቅ ዘንጉ ጭምር። አምራቹ የሚልከውን የጫፍ ዝርዝር ሥዕል አምጥታችሁ ቁጥሩን ደምሩ። 200 ጫማ ካለፈ ቅጽ 7460-1 ግዴታ ነው፤ ሥራው ከመጀመሩ ቢያንስ 45 ቀን በፊት።

ከ200 በታች ቢሆንም አልጨረሳችሁም። ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ኤርፖርት በ20,000 ጫማ ውስጥ ካለና የመንደርደሪያ ሜዳው ከ3,200 ጫማ የሚረዝም ከሆነ 100 ለ1 የሚባል ተዳፋት ይታሰባል። ምሳሌ፦ ማማው ከሜዳው 15,000 ጫማ ቢርቅ የተፈቀደው ከሜዳው ከፍታ 150 ጫማ በላይ ነው። የእናንተ ኮረብታ ከሜዳው በ100 ጫማ ከፍ ቢል፣ 100 ሲደመር 197 ሲሆን 297 ነው፤ ማስታወቂያ ማስገባት ግድ ነው። ሰው የሚሳሳተው የማማውን ቁመት ብቻ ከ150 ጋር ሲያወዳድር ነው፤ የመሬቱ ከፍታ ይረሳል። አጭር ሜዳ ከሆነ 50 ለ1 በ10,000 ጫማ፣ ሄሊፖርት ከሆነ 25 ለ1 በ5,000 ጫማ ነው። የኤፍኤኤ ድረ ገጽ ላይ ኮኦርዲኔቱን ሲያስገቡ ራሱ የሚያሰላ መሣሪያ አለ፤ የውጤቱን ገጽ አትማችሁ ከማመልከቻው ጋር አያይዙት፤ ቦርዱ ያንን ወረቀት ይወደዋል።

ኤፍኤኤ «አደጋ የለውም» ብሎ የሚሰጠው ውሳኔ 18 ወር ብቻ ነው የሚቆየው። ፈቃዱ ሲጓተት ይህ ቀን በዝምታ ያልፋል፤ ከማለፉ በፊት ማራዘሚያ መጠየቅ ይገባል። ማማው ከቆመ በ5 ቀን ውስጥ ደግሞ ቅጽ 7460-2 ይሞላል፤ ሲነቀልም ያሳውቁ፣ አለዚያ የሌለ ማማ በካርታ ላይ ይኖራል።

ቀለሙ ላይ አትከራከሩ። በጃንዋሪ 2011 በካሊፎርኒያ ኦክሊ አቅራቢያ አንድ የእርሻ መርጫ አውሮፕላን ምልክት የሌለውን መለኪያ ማማ መትቶ አብራሪው ሞተ። በዚያው ዓመት የአደጋ መርማሪው ኤንቲኤስቢ የጥንቃቄ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ኤፍኤኤም ከ200 ጫማ በታች ላሉ ማማዎች የምልክት ምክር አሳተመ። በ2016 ኮንግረስ ከ50 እስከ 200 ጫማ ያሉ፣ ከሥር ከ10 ጫማ የማይሰፉ የገጠር ማማዎች ምልክት እንዲደረግባቸው አዘዘ፤ በ2018 ደግሞ አሻሻለው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ግራጫ ቱቦ፣ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ውፍረት፣ መብራት የለው፣ በአንድ ቀን ይቆማል። ትናንት ያልነበረ ነገር ነው፤ ከአውሮፕላን አይታይም።

ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ማማው ከላይ እስከ ታች ብርቱካናማና ነጭ ቀለበት፤ በወጣሪ ገመዶቹ ላይ 8 ብርቱካናማ ኳሶች፣ አራቱ ከላይ ገመዱ ማማውን ከሚነካበት በ15 ጫማ ውስጥ፣ አራቱ ከግማሽ ቁመት በታች በውጪኛው ገመድ ላይ፤ ከመልህቁ አጠገብ ደግሞ ጎልቶ የሚታይ መጠቅለያ። ቱቦውን ከፋብሪካ የተቀባ እዘዙ። ጋልቫናይዝድ ብረት ሜዳ ላይ በብሩሽ ቢቀባ ያለ ተገቢው ፕራይመር በአንድ ክረምት ይላጣል። ኳሶቹ ክብደትና የንፋስ ጫና ስለሚጨምሩ የኢንጂነሩ ስሌት ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ብዙ ጊዜ ስሌቱ ካለቀ በኋላ ነው የሚታወሱት።

ደግሞም የአንድ ገበሬ የሣር ማረፊያ ሜዳ በኤፍኤኤ መሣሪያ ላይ ላይገኝ ይችላል። ሰፈሩን ጠይቁ።


ካስማ

ስፋቱን እንቁጠረው። ለእናንተ ታውን ቁጥር የለም፣ ግን ቦርዱ ማማው ከድንበር ወይ 1.1 ወይ 1.5 ጊዜ ከፍታው ይራቅ ይላል ብለን እንነሣ።

197 በ1.1 ሲባዛ 217 ጫማ ነው። በሁለቱም ጎን 434 ጫማ ያስፈልጋል። የእናንተ 400 ነው፤ በ34 ጫማ ይጎድላል። በ1.5 ከሆነ 591 ጫማ ስፋት ይፈለጋል፣ አራት ማዕዘን ቢሆን 8 ኤከር መሆኑ ነው። 11 ኤከር አላችሁ፤ ግን ቅርጹ ቀጭን ስለሆነ አይጠቅማችሁም። ኤከር ብቻ አይተው «ይበቃል» የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚሰናከሉት።

ሦስት መውጫ አለ። ጎረቤቱ ከጎኑ ያለውን መሬት በተመዘገበ ስምምነት ቢፈቅድ፤ ብዙ ሕጎች ይህን ይቀበላሉ፣ ግን ፊርማው ኖታራይዝድ ሆኖ በካውንቲ ክለርክ መመዝገብ አለበት። ወይም ማማውን ወደ 50 ሜትር ማውረድ፦ 164 ጫማ ነው፣ በ1.1 ሲባዛ 180፣ ሁለቱ ጎን 361፤ በ400 ውስጥ ይገባል። በ1.5 ግን 492 ነው፤ አሁንም አይገባም። ወይም ለርቀቱም በአንድ ማመልከቻ ኤሪያ ቫሪያንስ መጠየቅ፤ ይህ ግን ከከፍታው ጋር ሲደመር ቦርዱ ፊት ሁለት ልመና ይሆናል።

የመልህቆቹ ነገር ለብቻው ነው። በብዙ ደንብ የከፍታው ርቀት የሚለካው ከማማው ሥር ነው፤ መልህቆቹ የተራ ድንበር ርቀት ብቻ ይጠብቃሉ። መልህቆች በ50 ሜትር ራዲየስ በአራት አቅጣጫ ሲተከሉ፣ ሁለቱ በስፋቱ አቅጣጫ ከሆኑ 328 ጫማ ይይዛሉ፤ በየጎኑ 36 ጫማ ይተርፋል። አራቱን በ45 ዲግሪ ካዞራችኋቸው የጎን ስፋታቸው ወደ 232 ጫማ ይወርዳል። ማማው ሲነሣም ሲወርድም በአንዱ ገመድ መስመር ላይ ስለሚተኛ እሱም በሰያፍ ይተኛል፤ 139 ጫማ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ከድንበር ሳይወጣ። ገበሬው ግን ይህን አይወደውም። ገመዱ ቦዩን በሰያፍ ሲያቋርጥ ትራክተሩ በሁለት ጎን ይዞራል፤ የመድኃኒት መርጫው ክንፍ ገመዱን ከነካ ደግሞ ማማው ነው የሚወድቀው። ስለዚህ በኪራዩ ውል ውስጥ የማይዘራውን መሬት በካሬ ጫማ ጽፋችሁ ካሳውን አስቀድማችሁ ወስኑ። በመልህቅ አጠገብ ቢጫ መከላከያ ቱቦ፣ ከብት ካለ አጥር፤ ላም ገመድ ላይ ጀርባዋን ማከክ ትወዳለች።

ማማውን ወደ ማሳው ግማሽ ማድረግ ይመረጣል። ወደ ዛፉ ከገባ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው የሌሊት ወፍ ነው፤ ረጅም ጆሮዋ የሰሜን የሌሊት ወፍ ከ2023 ጀምሮ በፌዴራል ደረጃ የመጥፋት አደጋ ያለባት ተብላ ተመዝግባለች፤ በስቴቱ ሰሜናዊ ክፍል ዛፍ የሚቆረጠው ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ነው። ፈቃዱ በኤፕሪል ከደረሰ ሰባት ወር ቁጭ ማለት ነው። ሁለተኛው የአፈር ጉዳይ ነው፤ 1 ኤከርና ከዚያ በላይ አፈር ከተነካ የስቴቱ የዝናብ ውሃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጉቶው ሳይነቀል ዛፉ ብቻ ቢቆረጥ አፈር አልተነካም፤ ስለዚህ ጉቶ አትንቀሉ። ረግረግ ካለም ዙሪያውን 100 ጫማ ራቁ።


ጭጋግ_ለባሽ

ይህን ሁሉ ከማድረግ ሊዳር (ንፋስን ከመሬት ሆኖ በሌዘር የሚለካ) ለምን አይሆንም? ተጎታች ላይ የሚቀመጥ መሣሪያ ነው፣ ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጥ፣ እስከ 200 ሜትር ይለካል፣ የከፍታ ጣሪያ አይነካውም። የአይኢሲ (ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ደረጃ አውጪ) ደረጃ 61400-12-1 የ2017 እትምም ሪሞት ሴንሲንግን (ከርቀት መለካትን) ተቀብሏል።


ዊንች_12ቮልት

መቀበሉስ እውነት ነው፤ ግን በሜዳማ መሬትና አጭር ማማ አጠገቡ ቆሞ እያረጋገጠው ነው። ከሮቸስተር በስተደቡብ ያለው መሬት ኮረብታና ሸለቆ ነው፤ ንፋሱ በተጠማዘዘ ቦታ ሊዳር የሚገምተው ከአንሞሜትር ይለያል። መብራት የሌለበት ማሳ ላይ ክረምቱን ሙሉ ማሠራት ደግሞ የነዳጅ ሴል ወይም ጄኔሬተር ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ጫጫታና የነዳጅ ታንክ ወደ ቦርዱ ይመጣል። አንድ ነገር ግን እስማማለሁ፦ ከ60 ወደ 50 ሜትር ከወረዱ ላዩን በጥቂት ወር ሊዳር መሙላት ጥሩ ነው፤ ይህ ለቫሪያንሱ «ሌላ አማራጭ አለ ወይ» ለሚለው ጥያቄም መልስ ይሆናል፣ ከፍታውን የቀነስነው ለዚህ ነው ብሎ ማሳየት ስለሚቻል።


መዝገብ_ቤት

ስለ ዋስትናና ስለ ቀን ይህን ልጨምር። የታውኑ ጠበቃ የማፍረሻ ዋስትና መጠየቋ አይቀርም። ቁጥሩን እነሱ እንዲያወጡ አትጠብቁ፤ ለተርባይን የተለመደውን ያመጡላችኋል፣ ያ ደግሞ ለአንድ ቱቦ ማማ እብደት ነው። ማማ ከሚነቅል ኮንትራክተር የተፈረመ ዋጋ አምጡ፤ ማማውን በዊንች ማውረድ፣ ቱቦውን መጫን፣ ጠመዝማዛ መልህቆችን ማዞር አውጥቶ ጉድጓዱን መድፈን፣ መሬቱን መልሶ መዝራት። የተተከለ የድንጋይ መልህቅ ከሆነ አይወጣም፤ ከመሬት በታች ስንት ጫማ ላይ እንደሚቆረጥ ውሉ ይበል። ታውኑ የራሱን ኢንጂነር ለመቅጠር የኤስክሮ ሒሳብም (በአደራ የሚቀመጥ ገንዘብ) ሊጠይቅ ይችላል፤ በጀቱ ላይ አስቀምጡት።

የኢንጂነሩ ሥዕል በኒው ዮርክ ፈቃድ ባለው ኢንጂነር ማኅተም ይሁን፤ ቲአይኤ-222 (የማማ ግንባታ ደረጃ) ላይ ተመሥርቶ፣ የአካባቢውን ንፋስና የበረዶ ጭነት ይዞ። የአምራቹ ጠቅላላ ደብዳቤ «ለአብዛኛው ቦታ ይበቃል» ይላል፤ ሴኔካና ካናንዳይጓ ሐይቆች ዙሪያ ግን ገመድ ላይ የሚጋገር በረዶ ዋናው ጠላት ነው። ከመትከል በፊት ለ811 (የመሬት ውስጥ መስመሮችን ለማስጠቆም) መደወልም አለ፤ ቢያንስ 2 ሙሉ የሥራ ቀን አስቀድሞ፣ መልህቁ ሁሉ እንደ ቁፋሮ ይቆጠራልና።

ቀኑ እንዴት ይጻፍ የሚለው ደግሞ ከሁሉ በላይ ነው። «ፈቃዱ ለ24 ወር» ብቻ ከተጻፈ ቆጠራው ከተፈረመበት ቀን ይጀምራል። ከዚያ የዛፉ ወቅት፣ በረዶው፣ የኮንትራክተሩ ተራ ሲታለፍ 5 ወር ባዶ ይሄዳል፤ የምትለኩት 19 ወር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቦርዱ ፊት ሲቀርብ «ማማው ቆሞ ለኮድ ኦፊሰሩ በጽሑፍ ካሳወቅንበት ቀን ጀምሮ 24 ወር፤ ማሳወቂያው ፈቃዱ ከተሰጠ በ12 ወር ውስጥ ይሁን» የሚል ቃል ራሳችሁ አርቃችሁ አቅርቡ። ማራዘሚያውም ያለ አዲስ ስሚ፣ በቦርዱ ድምፅ ብቻ አንድ ጊዜ እስከ 12 ወር እንዲሆን። የማፍረሻው ቀን ደግሞ ከፈቃዱ ማብቂያ 60 ወይም 90 ቀን በኋላ ይሁን፤ ፈቃዱ በጃንዋሪ ካበቃ በበረዶ መሀል ማማ ማውረድ አይሆንም።


ሽቅብ_ሜዳ

የመጨረሻው አንቀጽ እንዳለ ወደ ማመልከቻው ገብቷል። ማማው ወደ 50 ሜትር ወርዶ በማሳው በኩል ሆኗል፤ 1.5 ቢሉን ከምሥራቅ ጎረቤቱ ጋር ስምምነት ይጠየቃል። ጎረቤቱ የሣር ሜዳ ያለው መሆኑ ግን ዛሬ ነው የታወቀው፤ ቢጫ ትንሽ አውሮፕላን በጎተራው ውስጥ አለች።


ዊንች_12ቮልት

እንግዲያው ስምምነቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ሄዳችሁ የሜዳውን አቅጣጫ ለኩ። መነሻውና ማረፊያው ወደ ማማው የሚያመለክት ከሆነ ሕጉ ባይከለክልም ቦታውን ቀይሩ። ወደ ጎን ከሆነ ኳሶቹን በእሱ በኩል ባለው ገመድ ላይ ጨምሩለት፤ ማማው የሚነሣበትንም ቀን ከአንድ ሳምንት በፊት ራሳችሁ ሄዳችሁ ንገሩት።